«የልጄ መልስ ከእኔ ጋር አልገጠመም»

ውድ አዘጋጅ፣
የ10 ዓመት ልጄ ክብደቱ ለዕድሜው በዝቷል ተብሎ ክትትል ላይ ነን። ባለፈው ሐኪሟ ከመዘነችው በኋላ ስለ ኑሮው የሚጠይቅ ወረቀት ለሁለታችንም ሰጠችን፤ ለየብቻ ሙሉ አለች። እኔ «መሮጥ ይከብደዋል» የሚለው ላይ «ሁልጊዜ ማለት ይቻላል» አልኩ። እሱ «አንዳንዴ» አለ። «ሌሎች ልጆች ያሾፉብኛል» የሚለው ጋ ሲደርስ ግን እርሳሱን ይዞ ቆየ። ካናቴራውን ከሆዱ ላይ ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረገና «ሁልጊዜ ማለት ይቻላል» የሚለውን አከበበ። እኔ እዚያ ላይ «በጭራሽ» ነበር ያልኩት። እንቅልፍ አጣሁ። የማንኛችን መልስ ነው ትክክል?
እናቱ

እህቴ፣
ስለ ሹፈቱ የእሱን እመኚ። አንቺ በሌለሽበት ነው የሚሾፍበት።

የሞላችሁት ፔድስኪውኤል የሚባለው ይመስለኛል። 23 ጥያቄ አለው፤ ያለፈውን አንድ ወር ስለ አካል፣ ስለ ስሜት፣ ስለ ጓደኝነትና ስለ ትምህርት ይጠይቃል። ውጤቱ ከ100 ነው፤ ከፍ ሲል ጥሩ ነው። ልጅ ከ5 ዓመቱ ጀምሮ ስለ ራሱ መመለስ ይችላል። የወላጅ ወረቀት ለብቻው የሚሞላው ሁለቱ ስለማይገጥሙ ነው። ክብደት ባለባቸው ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ ወላጅ ከልጁ የባሰ ነጥብ ይሰጣል፤ አንቺም ሩጫው ላይ እንደዚያው አደረግሽ።

ይህን እንደ ቀላል አትዪው። በ2003 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ ከፍተኛ ውፍረት ያለባቸው 106 ልጆችና ታዳጊዎች የሰጡት ነጥብ ካንሰር ካለባቸው ልጆች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል። ለሕክምና የተላኩ ልጆች ስለነበሩ ልጅሽም እንደዚያ ነው ማለት አይደለም። ግን ሚዛን ይህን ሕመም አያሳይም። ኪሎው ሳይነቃነቅ ይህ ነጥብ ሊሻሻል ይችላል፤ ለእኔ ያም ትልቅ ለውጥ ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አትበዪው። አብራችሁ ስትሄዱ፣ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ፣ ማን ምን እንደሚለው ጠይቂው። መምህሩን ከማናገርሽ በፊት ለእሱ ንገሪው። ቤት ውስጥም «ወፍሬ» የሚለው ቁልምጫ ይቅር፣ በፍቅርም ቢሆን። «ስትቀንስ ይተውሃል» ደግሞ ከአፍሽ አይውጣ፤ ጥፋቱን የእሱ ታደርጊበታለሽ። ለሐኪሟም ሹፈቱን ለይተሽ ንገሪያት።

ወረቀቱን እንደገና ሲሞላ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ። እርሳሱን አትዪበት።