ገንዳው ባዶ ነው፣ ቱቦውስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጓሯችን ውስጥ ሆት ተብ (የሞቀ ውሃ በፓምፕ እየዞረ የሚዘፈዘፉበት ገንዳ) አለን፣ ባለፈው የብርድ ወቅት ለሁለት ወር ከቤት ስንወጣ ውሃውን ከታች ባለው ማፍሰሻ ለቀቅነው፣ ክዳኑን ዘግተን ሄድን። ተመልሰን ስንሞላው ከስሩ ውሃ ያፈሳል! ባለሙያ ከፍቶ ሲያየው ፓምፑ ተሰንጥቋል፣ ሁለት ቦታ ደግሞ ቱቦ ፈንድቷል። ባዶ ነገር እንዴት በብርድ ይሰነጠቃል? ዘንድሮም ልንሄድ ስለሆነ ጭንቅ ይዞኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ በጣም ነው ያዘንኩት። ግን ባዶ የሆነው ገንዳው ነው እንጂ ውስጡ ያለው ቱቦ ባዶ አልነበረም። ያ ማፍሰሻ የሚያወጣው በዓይንሽ የምታይውን ውሃ ነው፣ ወደ ጄቶቹ (ውሃውን በግፊት ወደ ገንዳው የሚረጩት ቀዳዳዎች) የሚሄዱት ቀጫጭን ቱቦዎች ግን ወደ ላይ ወደ ታች እየተጠማዘዙ ስለሆነ ዝቅ ባሉበት ቦታ ሁሉ ውሃ ይቋጥራሉ፣ ፓምፑ ሆድ ውስጥም ይቀራል፣ ሂተሩ ውስጥም ይቀራል። ውሃ በረዶ ሲሆን ደግሞ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ክፍት ነገር ውስጥ ቢሆን ወደ ላይ ይነሳ ነበር፣ ቱቦ ውስጥ ግን መሄጃ ስለሌለው ፕላስቲኩን ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ከሁሉ የሚያናድደው በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ምንም አለመታወቁ ነው።

ዘንድሮ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ማድረቁ የግድ ነው? ሆት ተብ ሞልቶ እየሞቀ ውሃው እየዞረ እስካለ ድረስ ብርዱን ይችለዋል፣ ብዙዎቹ አዳዲሶቹ እንዲያውም ውሃው ወደ በረዶነት ሲጠጋ ፓምፑን በራሳቸው ያስነሳሉ። የምትቀሩት 2 ወይ 3 ሳምንት ብቻ ከሆነና በየቀኑ ብቅ ብሎ የሚያይላችሁ ጎረቤት ካለ ሙቀቱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጋችሁ ሂዱ፣ እኔ ብሆን እንደዛ ነው የማደርገው። የሚያስፈራው መብራት ጠፍቶ ማንም ሳያውቅ ሲቀር ነው። ለወራት ከሆነ ግን አድርቁት፣ ካደረቃችሁትም እስከመጨረሻው ይሁን፣ ምክንያቱም በግማሽ የደረቀ ሆት ተብ ሙሉ ሆኖ ከሚሞቀው ይልቅ ለብርድ የተጋለጠ ነው።

አንድም ጠብታ ሳትለቂ በፊት መብራቱን ከብሬከሩ አጥፊ፣ ሂተር ያለ ውሃ ከሰራ ይቃጠላል። የገንዳው ውሃ ሲያልቅ ያው ባለፈው ያቆማችሁበት ቦታ ነው፣ ዋናው ስራ ግን ከዚህ በኋላ ነው የሚጀምረው። ውሃም የሚስብ ቫኪዩም ፈልጊ፣ እንዲነፋ አድርገሽ አፉን እያንዳንዱ ጄት ላይ ግጠሚና ቱቦው ውስጥ የቀረውን ግፊው፣ በሌሎቹ ጄቶች እየተንፎለፎለ ሲወጣ ታይዋለሽ፣ ከዛ ወደ መሳብ ቀይረሽ የወጣውን ሰብስቢ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ገንዳውን በፎጣ ወልውዬ ጨረስኩ ብዬ ነበር፣ ቫኪዩሙን ስከፍት ግማሽ ባልዲ ውሃ ሲወጣ ደነገጥኩ። ቀጥሎ የጎኑን መከለያ ክፈቺና ፓምፑና ሂተሩ ግራና ቀኝ ያሉትን ዩኒየኖች (የሚፈቱ የቱቦ መገጣጠሚያዎች) አላሊ፣ ፓምፑ ስር ያለችውን ትንሽ ቡሽም ንቀይ፣ እዛ ጋ ሁሌም ውሃ አለ። ዩኒየኖቹን መልሰሽ አታጥብቂ፣ እንደላሉ ይክረሙ፣ ቡሹን ግን በላስቲክ አድርገሽ እዛው እሰሪው አለበለዚያ ስትመለሺ አታገኚውም። ፊልተሩን አጥበሽ አድርቀሽ ቤት ውስጥ አስቀምጪ።

አንቲፍሪዝ (ውሃ በረዶ እንዳይሆን የሚከላከል ፈሳሽ) እንጨምር ወይ ለሚለው፣ ብርዱ ከባድ በሆነበት አካባቢ በየቱቦው ትንሽ ማፍሰስ ጥሩ መተማመኛ ነው፣ ግን የሚሆነው ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባለው ለውሃ መስመር የተሰራው ነው። የመኪናውን እባክሽ አትንኪው! እሱ ብዙ ጊዜ ኤቲሊን ግላይኮል ነው፣ ለሰውም ለውሻም ለድመትም መርዝ ነው። የጨመርሽውን ደግሞ እንደገና ከመሙላትሽ በፊት በንፁህ ውሃ አጥበሽ ማውጣት አለብሽ።

ጥያቄ፦ ውሃ ቀይሬ ስከፍተው ፓምፑ ይጮሃል ግን ከጄቶቹ ምንም አይወጣም፣ ተቃጥሎ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ ቶሎ አጥፋው እንጂ አትደንግጥ፣ አየር ይዞት ነው የሚመስለኝ። የውሃ መሙያ ጎማውን ገንዳው መሃል ጥለህ ከሞላህ ውሃው ከላይም ከታችም ስለሚገባ አየሩ መሃል ላይ ይታፈናል፣ ፓምፕ ደግሞ አየር መግፋት አይችልም፣ ያለ ውሃ ሲዞር ከቆየ ማሸጊያው ይበላሻል። ብሬከሩን አጥፋና ፓምፑ ላይ ያለውን ዩኒየን በጣም በትንሹ አላላው፣ ሽሽ እያለ አየሩ ይወጣል፣ ውሃ መንጠባጠብ ሲጀምር አጥብቀው። ለሚቀጥለው ፊልተሩን አውጣና ጎማውን እሱ በነበረበት ጉድጓድ ውስጥ ከተህ ሙላ፣ ውሃው ከታች እየገፋ ስለሚመጣ አየሩ በጄቶቹ ይወጣል። መብራቱን የምታበራው ውሃው ጄቶቹን አልፎ መመሪያው ያለው መስመር ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። እስኪሞቅ ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሙሉ ቀን ስለሚፈጅ ክዳኑን ዘግተህ ጠብቅ።

ጥያቄ፦ ውሃው ንፁህ እየመሰለ በየስንት ጊዜ ነው የሚቀየረው? አትክልት ላይ ብንደፋውስ?

መልስ፦ በየ3 ወይ 4 ወሩ፣ ብዙ ሰው የሚገባበት ከሆነ ደግሞ ከዛም ቶሎ። ጥርት ማለቱ አያታላችሁ፣ ቱቦዎቹ ውስጥ የሚያዳልጥ ንፍጥ የመሰለ ነገር ይለጠፋል፣ ቆዳ ላይ ቀይ ሽፍታ የሚያወጣው ባክቴሪያም እዛ ተደብቆ ይኖራል። ስለዚህ ልትደፉት ስትሉ ቀደም ብላችሁ የቱቦ ማጠቢያ ጨምራችሁ ጄቶቹን አስነሱ፣ የሚወጣውን አረፋ ስታዩ ይገባችኋል። እንዲህ የታጠበበት ውሃ ግን ለአትክልት አይሆንም፣ በቤቱ ፍሳሽ መስመር ይውጣ። ማጠቢያ ያልገባበት ከሆነ ክዳኑን ከፍታችሁ ክሎሪኑ በመለኪያው ዜሮ እስኪሆን ጥቂት ቀን አቆዩት፣ ከዛ ቀዝቀዝ ሲል ሳሩ ላይ ይፈሳል፣ ወደ ወንዝ ወይ ወደ ዝናብ ውሃ መውረጃ ግን በፍጹም አይለቀቅም።

አዲሱን ውሃ ስታስተካክሉ መጀመሪያ አልካሊኒቲውን (ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚይዘውን) ከ80 እስከ 120 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ስንት እጅ እንደሆነ የሚለካበት) አድርሱ፣ ፒኤቹ (የውሃው የአሲድነት ልኬት) ከ7.2 እስከ 7.8 ይሁን፣ ከዛ በኋላ ነው ክሎሪን፣ ቢያንስ 3 ፒፒኤም። አንዱን ኬሚካል ጨምራችሁ ፓምፑ ካዞረው በኋላ ሌላውን ጨምሩ፣ ክሎሪንና አሲድ አንድ እቃ ውስጥ ከተገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ሙቀቱ ደግሞ ከ40 ዲግሪ አይለፍ።