ጀርባውን አትንኩ፦ ስለ እንጨት ደጋን ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቻችሁን አምጡ። የምመልሰው ከአንድ ወጥ እንጨት በእጅ ስለሚሠራ ደጋን ነው። መጀመሪያ በስም እንግባባ። ጀርባ የምለው ወደ ዒላማው የሚያየውን ፊት ነው። ሆድ ወደ እናንተ የሚያየው ነው። ከመያዣው ወዲያና ወዲህ ያሉት ሁለቱ ክንፎች ናቸው። የሚወጠረው ገመድ አውታር ነው። ጀርባውን አትንኩ! ይህን ዛሬ ደጋግሜ እለዋለሁ።

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ የትኛው እንጨት ይሻላል?

መልስ፦ ዩው፣ ኦሴጅ ኦሬንጅ፣ ሂኮሪ፣ ኤልም፣ አሽ፣ ሜፕል፣ ሁሉም ይሠራሉ። የዛፉን ስም ፍለጋ ጊዜ አታባክን። ቀጥ ብሎ ያደገ፣ ያልተጠማዘዘ፣ ጉጥ ያልበዛበት ግንድ ፈልግ። አውታሩን 71 ሴንቲሜትር ያህል ለሚስብ ሰው 170 ሴንቲሜትር አካባቢ ርዝመት ይበቃዋል። ለመጀመሪያ ሥራ አታሳጥረው።

ተማሪዋ፦ ጀርባውን አትንኩ ሲሉ ለምንድን ነው? እኔ ለስላሳ እንዲሆን ልልገው አስቤ ነበር።

መልስ፦ እሰይ፣ ሳትልጊው ጠየቅሽ። ደጋን ሲጎብጥ ጀርባው ይለጠጣል፣ ሆዱ ደግሞ ይጨመቃል። ጀርባውን ሳይሰበር የሚይዘው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልተቆረጠ አንድ የእድገት ቀለበት፣ ማለትም ዛፉ በአንድ ዓመት የጨመረው ንብርብር ነው። ቀለበቱን በመላጊያ ከቆረጥሽው ክሩ እዚያው ያልቃል። ስትስቢው ከዚያ ቦታ ስንጣሪ ይነሳል፣ ቀጥሎ ክንፉ ይሄዳል።

እንደ ሂኮሪና አሽ ባሉ ነጣ ያሉ እንጨቶች ሥራው ቀላል ነው። ቅርፊቱን በጥንቃቄ ላጪው፤ ከሥሩ የሚወጣው ፊት ራሱ ጀርባሽ ነው። ኦሴጅ ኦሬንጅ ላይ ግን የውጪው ነጭ እንጨት ተነስቶ ከውስጥ አንድ ቀለበት መከተል የተለመደ ነው። እዚህ ጆሮሽን ተጠቀሚ። በቀለበቶቹ መሃል ያለው ቀዳዳ የበዛበት ስስ እንጨት በስለቱ ሥር ይንኮሻኮሻል፣ እንደ ዱቄትም ይረግፋል። ጠንካራው ላይ ስትደርሺ ድምፁ ይለወጣል፣ ፊቱም ያብለጨልጫል። ያንን ስታዪ ቁሚ። ጉጥ ካጋጠመሽ ዙሪያውን እንዳበጠ ተዪው። እኩል ላድርግ ብለሽ ከደፈጠጥሽው ቀለበቱን በጠሽው።

ነጋዴው፦ በመጋዝ ከተሰነጠቀ ጣውላ መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። በፊቱና በጎኑ ላይ ያሉት መስመሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብለው ይሂዱ። በመሃል ወደ ጠርዝ የሚወጣ መስመር ካየህ አትግዛው።

ጀማሪው፦ እርጥቡን እንጨት እንዴት ላድርቀው?

መልስ፦ በቆረጥከው ቀን ሁለቱን ጫፎች በኮላ ወይም በቀለም ድፈን፤ ውሃው ቶሎ የሚያመልጠውና የሚሰነጥቀው ከጫፍ ነው። ግንዱን ለሁለት ሰንጥቀው። ከዚያ በየጊዜው መዝነው። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ከአካባቢው አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። ከ8 እስከ 10 በመቶ እርጥበት ጥሩ ነው።

አናጺው፦ ቅርፊቱን ወዲያው መላጥ ነው። ቅርፊት ውስጥ ነቀዝ ይገባል።

ሽማግሌው፦ ኧረ ተው! ከላጥከው ጀርባው ፀጉር በሚያክል ስንጥቅ ይሞላል። ስንቱ እንጨት ነው እንዲህ የተበላሸው።

አናጺው፦ ጥላ ውስጥ ካስቀመጥከው ምንም አይሆንም።

ሽማግሌው፦ ጥላ ብቻውን አያድነውም።

መልስ፦ ሁለታችሁም ግማሹን ይዛችኋል። ቅርፊቱን ልጣችሁ ጀርባውንም እንደ ጫፎቹ በኮላ ድፈኑ። ነቀዝም አይገባ፣ ስንጥቅም አይመጣ። እንቀጥል።

ፍላጻ ወዳጁ፦ ለፍላጻ የትኛው ላባ ይሻላል?

መልስ፦ ዛሬ ስለ ደጋን ነው።

ሌላ ጠያቂ፦ የእኔ ተሰበረ። ለምን ይሆን?

መልስ፦ ምን ብዬ ልመልስልህ? የት ጋ ነው የተሰበረው? ከጀርባው ነው ከሆዱ? ስንት ሳብከው?

ሌላ ጠያቂ፦ ከጀርባው ነው። እንዲያምር በሞረድ ትንሽ ሞርጄው ነበር።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ለተማሪዋ የመለስኩትን አንብብ። ጀርባውን አትንኩ ብያለሁ።

ተማሪዋ፦ ክንፎቹን እኩል ማጉበጥ ላይ ነው የምፈራው።

መልስ፦ መፍራትሽ ጥሩ ነው፤ ያዘገይሻል። ሥራው ሁሉ የሚያልቀው ከሆድ በኩል ነው። መጀመሪያ አንዱን ጫፍ ወለል ላይ አስደግፈሽ ስትጫኚው ትንሽ እስኪጎብጥ ድረስ አሳሺው። ቀጥሎ ረዘም ያለ አውታር እሰሪለት። ደጋኑን ግድግዳ ላይ በመያዣው አስቀምጪና አውታሩን በገመድ ወደ ታች እየሳብሽ ራቅ ብለሽ እዪ። ያልጎበጠውን ቦታ በእርሳስ ቀቢው። የምትፍቂው እሱን ብቻ ነው። ብዙ የጎበጠውን አትንኪ።

ውፍረት ላይ ጥንቃቄ! ስፋቱን እጥፍ ብታደርጊው ጥንካሬው እጥፍ ይሆናል። ውፍረቱን እጥፍ ብታደርጊው ግን 8 እጥፍ ይሆናል። ከውፍረቱ አንድ አሥረኛ ስታነሺ ከጥንካሬው ሩብ በላይ ይሄዳል። ስለዚህ መጨረሻው ላይ ሞረዱን አስቀምጪና በስለት ጠርዝ ፋቂ። ከፋቅሽ በኋላ 20 ወይም 30 ጊዜ በአጭር በአጭሩ ሳቢው። እንጨቱ ለውጡን የሚያሳየው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የሚዘሉ ሰዎች አብዝተው ይፍቁና ደካማ ደጋን ይዘው ይቀራሉ።

አውታሩ ላይ ሚዛን አንጠልጥይ። የፈለግሽው የመሳቢያ ጉልበት 40 ፓውንድ ከሆነ፣ ገና በአጭር ርቀት 40 ካሳየሽ እዚያው ቁሚና ፋቂ። ከዚያ በላይ አትሳቢ። ሆዱ ከአቅሙ በላይ ከተጨመቀ ክንፉ እንደጎበጠ ይቀራል።

ጉልበተኛው፦ 40 ፓውንድ ለልጅ ነው! ሜሪ ሮዝ ላይ የተገኙት ከ100 ፓውንድ በላይ ናቸው።

አናጺው፦ እነሱ ከልጅነታቸው የሠለጠኑ ናቸው እኮ።

ጉልበተኛው፦ እኛስ መሠልጠን ያቅተናል?

መልስ፦ ሜሪ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ1545 የሰመጠች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ናት። በ1982 ከባሕር ወጣች። በውስጧ ከተገኙት ደጋኖች 137ቱ ሙሉ ነበሩ፤ ከዩው የተሠሩ፣ አንዳንዶቹ ከ2 ሜትር የሚበልጡ። አናጺው እንዳለው፣ ይስቧቸው የነበሩት ሰዎች ከልጅነት የለመዱ ናቸው። ታሪክ ከተነሳ እኔ የምወደው የኦትዚን ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ከ5,000 ዓመት በፊት የኖረው ሰው ማለቴ ነው። አጠገቡ 1.82 ሜትር የሚሆን የዩው ደጋን ነበር። ገና አልተጠናቀቀም፤ የመጥረቢያው ምልክት አሁንም ይታያል። የመጥረቢያውን አካሄድ ማየት ለሚማር ሰው ትልቅ ትምህርት ነው። ለመጀመሪያ ደጋን ግን ከ30 እስከ 40 ፓውንድ። አለቀ።

ጀማሪው፦ አውታሩ ከምን ይሁን?

መልስ፦ ዳክሮን ከሚባለው ሰው ሠራሽ ክር። ትንሽ ይለጠጣል፣ ለእንጨት ደግ ነው። ያለ ፍላጻ ስባችሁ እንዳትለቁ፤ ጉልበቱ ሁሉ ተመልሶ ክንፉ ላይ ያርፋል።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ ምን ዓይነት እንጨት ይሻላል?

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ከላይ አለ።

ነጋዴው፦ ለአደን ይሠራል?

መልስ፦ ያለህበትን ሕግ ጠይቅ።

ተማሪዋ፦ አንዱ ክንፍ ከሌላው በለጥ ብሎ ከጎበጠስ?

መልስ፦ የፈዘዘውን፣ ማለትም ያልጎበጠውን ክንፍ ፋቂ። በደከመው ክንፍ ላይ እንጨት መልሰሽ መጨመር አትችይም። ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ ድረስ በረጅሙ አትሳቢው፤ የደከመው ይጎዳል። ስትጨርሺ ደጋኑን አውታሩን ፈትተሽ ከጎኑ ፎቶ አንሺውና ላኪልኝ። አጠገቡ ቀጥ ያለ ማስመሪያ አድርጊ፤ ያለሱ የክንፉን ጎባጣ መለየት አልችልም።