አልጋ ስለሚያረጥቡ ልጆች ጠይቁኝ ብዬ ነበር

ሐዋሳ ውስጥ በሕፃናት ሕክምና ክፍል በነርስነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሽንት ወይም ሰገራ ስለሚያመልጣቸው ልጆች፣ በተለይም አብሮ ስለሚመጣው የጠባይና የስሜት ችግር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ግማሾቻችሁ «የጎረቤት ልጅ ነው» ብላችሁ ጀምራችኋል። ይሁን፤ ለጎረቤት ልጅ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከአቶቴ)፦ ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ቀን ደህና ነው፤ በሳምንት ሦስት አራት ሌሊት ግን አልጋው ላይ ይሸናል። አባቱ ስንፍና ነው ብሎ መቆንጠጥ ጀምሯል።

መልስ፦ እህቴ፣ የተኛ ልጅ እንዴት ይሰንፋል? ሌሊት ሽንትን የሚቀንሰው ሆርሞን ገና አልበረታ ይሆናል፤ ፊኛው ቶሎ ይሞላ ይሆናል፤ እንቅልፉም ከብዶ አያነቃውም። 5 ዓመት ሳይሞላ እንደ ችግር አንቆጥረውም። በ7 ዓመት ከ100 ልጆች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ገና ይሸናሉ። ለአባቱ አንድ ጥያቄ አድርሱልኝ፦ እርሳቸውስ በስንት ዓመታቸው ተዉ? ከወላጆች አንዱ በልጅነቱ ይሸና ከነበረ የልጁ ዕድል ወደ 44 ከመቶ፣ ሁለቱም ከነበሩ ወደ 77 ከመቶ ይጠጋል። እርሳቸው ካላስታወሱ አያትየውን ጠይቁ፤ አያት አይረሳም።

ጥያቄ፦ በእሳት የተጫወተ ልጅ ማታ ይሸናል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እኔም በልጅነቴ ተብያለሁ። እሳት ያቃጥላል እንጂ ሽንት አያመጣም። ክልከላውን ግን ለቃጠሎው ሲሉ ይቀጥሉበት፣ እናቴ።

ጥያቄ (ከታቦር)፦ የ9 ዓመት ልጄ ትዋሻለች፣ ታኮርፋለች፣ ጓደኞቿ ቤት አትሄድም። ሽንቱን ያመጣው ይህ ጠባይዋ ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ነገሩ በተቃራኒው ነው። አንዲት ሕፃን ያረጠበችውን ልብስ በጥቁር ፌስታል ሦስት ጊዜ ቋጥራ ከአልጋ ሥር ትደብቅ ነበር። እናቷ ያገኘችው ሽታው መርቷት ነው። ልጅቷ «አላውቅም» አለች፤ ይህ ውሸት ተባለና ተገረፈች። እኔ ውሸቷን ሳይሆን ቋጠሮውን ነበር ያየሁት፤ እንዲያ አጥብቆ የሚቋጥር ልጅ ምን ያህል እንደሚፈራ አስቡት።

ይህን ስል ሁሉም ነገር የሽንቱ ውጤት ነው ማለቴ አይደለም። ሌሊት ብቻ ከሚሸኑት ልጆች ከ20 እስከ 30 ከመቶ፣ ሰገራ ከሚያመልጣቸው ደግሞ ከ30 እስከ 50 ከመቶ የሚሆኑት ሕክምና የሚያሻው የጠባይ ወይም የስሜት ችግር አለባቸው። ሽንቱ ሲቆም ኩርፊያውና ኀፍረቱ በአብዛኛው አብሮ ይሄዳል። ካልሄደ ለብቻው መታየት አለበት።

ጥያቄ (መምህር፣ ከአላሙራ)፦ አንድ የ8 ዓመት ተማሪዬ ሱሪው ላይ ሰገራ ያመልጠዋል። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ይሸሹታል፤ እርሱ ግን ምንም ያልሆነ ይመስል ይቀመጣል። ንቀት ነው?

መልስ፦ መምህር፣ ሽታውን ስለለመደው አይሸተውም። ፊቱ የደነዘዘ የመሰለዎትም ሌላ የሚደበቅበት ቦታ ስለሌለው ነው።

መነሻው ብዙውን ጊዜ ድርቀት ነው። ሰገራው ደርቆ ሲወጣ ስለሚያም ልጁ ይይዛል፤ በያዘ ቁጥር ይበልጥ ይደርቃል። አንጀቱ ይለጠጥና የመሙላት ስሜቱን ያጣል። ከዚያ ከኋላ የመጣው ቀጭን ሰገራ በደረቁ ዙሪያ ሾልኮ ይወርዳል። ቤተሰብ ተቅማጥ መስሎት የተቅማጥ ማቆሚያ ሲሰጠው ይብስበታል። የተለጠጠው አንጀት ፊኛንም ስለሚጫን ሽንትም ሊያመልጠው ይችላል፤ ለዚህ ነው ሁልጊዜ ከሰገራው የምንጀምረው። የሚያለሰልስ መድኃኒት ለወራት ይወሰዳል፤ ሳምንት ወስዶ ማቆም መልሶ ያደርቃል። ከምግብ በኋላ 5 ደቂቃ ያህል፣ እግሩ በርጩማ ላይ አርፎ ይቀመጥ።

ከእርስዎ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ እጁን ሳያወጣ ወደ ሽንት ቤት እንዲወጣ በምልክት ተግባቡ፤ የሽንት ቤቱ በር መዝጊያ እንዳለውም ሄደው ይዩ። መዝጊያ በሌለው በር ምክንያት ቀኑን ሙሉ የሚይዙ ልጆች ብዙ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ልጃችን አልጋ ላይ መሽናት ዓመት ሙሉ ትቶ ነበር። ታናሹ ሲወለድ እንደገና ጀመረ።

መልስ፦ ቅናትም ጭንቀትም ሊሆን ይችላል፤ ለብቻው ጊዜ ስጡት። ነገር ግን ውኃ አብዝቶ የሚጠጣና የሚከሳ ከሆነ በዚያው ቀን ስኳሩ ይለካ። ሽንቱም ለኢንፌክሽን ይመርመር።

ጥያቄ (ከሞቢል)፦ ልጄ ቅብጥብጥ ነው፤ ጨዋታ ላይ ሽንቱ መጥቶ እግሩን አጣምሮ እየዘለለ እንኳ ሽንት ቤት አይሄድም።

መልስ፦ ትኩረት ማነስና ቅብጥብጥነት ከእነዚህ ልጆች ጋር አብሮ በብዛት የሚታይ ችግር ነው። «ሽንት መጣብህ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ «አልመጣም» ይላችኋል። በየሁለት ሰዓቱ በሰዓት ይሂድ። ቅብጥብጥነቱም ለብቻው ይታከም፤ አለበለዚያ የሽንቱን ሕክምና ተከታትሎ መጨረስ ይከብደዋል።

ጥያቄ፦ ለፍቼ ጨምበላላ ዘመድ ቤት እናድራለን። ልጄ 10 ዓመቱ ነው፤ «እኔ አልሄድም» ብሎ እያለቀሰ ነው። ውኃ ልከልክለው?

መልስ፦ ቀን አትከልክሉት፤ ማታ ብቻ ቀንሱ። ለእንዲህ ያለው አዳር ሐኪም የሚያዘው ዴስሞፕሬሲን የሚባል መድኃኒት አለ። ከመሄዳችሁ አስቀድማችሁ ቤት ውስጥ ሞክሩት። ከወሰደው በኋላ ሌሊቱን ውኃ አይጠጣም፤ ይህ ለቀልድ አይደለም፣ የደሙን ጨው አደገኛ በሆነ መጠን ሊያወርድ ይችላል። ላስቲክና ትርፍ አንሶላ ያዙ። ከቤቱ ሰዎችም ለአንዱ ብቻ ንገሩ፤ ለማን እንደሚነገር ግን ልጁ ራሱ ይምረጥ።