መልስ፦ ኮድ ሳልጽፍ የቴክኖሎጂ ኩባንያ መምራት እችላለሁ?

አቦ፣ ጥያቄህ «ኢንዱስትሪያል ምህንድስና ነው የተማርኩት፣ ኮድ አልችልም፤ የቴክ ኩባንያ ኃላፊ መሆን ይታሰባል? ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ካልሄድኩስ?» አይደል? ይታሰባል። የአይፎን አምራቹን አፕልን የመራውን ቲም ኩክን እይ። በ1982 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ከኦበርን ዩኒቨርሲቲ የተመረቀው ባንተው ሙያ ነው። 12 ዓመት ኮምፒውተር አምራቹ አይቢኤም ሠራ፣ እግረ መንገዱን ከዱክ ዩኒቨርሲቲ ኤምቢኤ (የንግድ አስተዳደር ማስተርስ) ያዘ፣ ኋላ ላይ ሌላው ኮምፒውተር አምራች ኮምፓክ ገብቶ ስድስት ወር ያህል ብቻ እንደሠራ በ1998 የአፕል መሥራች ስቲቭ ጆብስ ወደ አፕል ወሰደው።

የተጠራው ስልክ ሊፈለስፍ አይደለም። መጋዘን ሊያጸዳ ነው። 100 ገደማ የነበሩትን ዋና አቅራቢዎች ወደ 24 አወረደ፣ መጋዘኖች ዘጋ፣ የወር የነበረውን ክምችት ወደ ቀናት አሳጠረ። ዕቃን እንደ ወተት ነጋዴ ማየት ነው ይል ነበር፤ ከቆየ ይበላሻል። ለእኛ ለድሬ ልጆች ወተት ምን ያደርጋል፣ የአወዳይ ጫት አለልን! ያደረ ጫት ማን ይገዛል? ኮምፒውተርም መጋዘን በተቀመጠ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል።

በ2005 የኦፕሬሽን ኃላፊ ሆነ። በዚያው ዓመት አፕል ለሚሞሪ አምራቾች 1.25 ቢሊዮን ዶላር ቅድሚያ ከፍሎ ለሙዚቃ ማጫወቻው አይፖድ የሚሆነውን ቺፕ ቀድሞ ያዘ። ዋና ሥራ አስፈጻሚነቱ የመጣው ግን በኦገስት 2011 ነው፤ ከገባ 13 ዓመት በኋላ።

ያልገባኝ፣ የድሬዳዋ ደረቅ ወደብና ነፃ የንግድ ቀጠና አፍንጫህ ሥር እያሉ «አዲስ አበባ ካልሄድኩ» ማለትህ ነው። እኔ ብሆን ኤክሴልና ትንሽ ኤስኪውኤል (ከመረጃ ቋት መረጃ ማውጫ ቋንቋ) ይዤ እዚያው የክምችት ቁጥጥር ሥራ እጠይቃለሁ።