አንቲቦዲሽ ደህና ነው፣ ችግሩ ያለው ጀልባው ላይ ነው

አንዲት ባህር ዳር ያለች የማስተርስ ተማሪ ናት የጠየቀችኝ፦ "ጋሼ፣ ከጣና ሐይቅ፣ ከከተማው ፍሳሽ መግቢያ አጠገብ እና ንፁህ ውሃ ካለበት ከዘጌ በኩል ቆሮሶ አሳ አስይዤ ጉበቱ ላይ የፕሮቲን ካርቦኒል ብሎት (ፕሮቲኑ በኦክሲዴሽን ምን ያህል እንደተጎዳ በጥቁረት የሚያሳይ ምርመራ) ሰራሁ። የዘጌውም የከተማውም እኩል ጥቁር ሆኖ ወጣ፣ ዲኤንፒኤች (ካርቦኒል ላይ የሚለጠፈው ኬሚካል) ያልገባበት ሌን (የአንድ ሳምፕል መስመር) ብቻ ነው ነጭ የሆነው። አንቲቦዲው ተበላሽቶ ነው? አዲስ ልዘዝ እንዴ?"

ኧረ አታዢ እህቴ! እሱ እስኪመጣ ስንት ወር እንደሚፈጅ ታውቂዋለሽ። ደግሞ መልሱን እኮ ራስሽ ነሽ የፃፍሽው፣ ነጩ ሌን ላይ ነው ያለው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ይሄ አንቲቦዲ የተጎዳ ፕሮቲን ምን እንደሆነ አያውቅም፣ የሚያውቀው ዲኤንፒኤች ሲለጠፍ የሚተዋትን ዲኤንፒ የምትባለዋን ምልክት ብቻ ነው። ኦክሲዴሽን ፕሮቲኑን ሲመታው ላይሲን፣ አርጂኒን፣ ፕሮሊንና ትሪዮኒን ላይ ካርቦኒል ይፈጠራል፣ ዲኤንፒኤቹ ሄዶ እዛ ይለጠፋል፣ አንቲቦዲው ደግሞ የተለጠፈውን ይዞ ያሳይሻል በቃ። ስለዚ ዲኤንፒኤች ያልነካው ሌን ነጭ ከሆነ አንቲቦዲው ያገኘው ላይ ሁሉ እየተጣበቀ አይደለም ማለት ነው፣ ሴካንደሪውም (የመጀመሪያውን ይዞ የሚያሳየው ሁለተኛ አንቲቦዲ) ብሎኪንጉም (ባዶ ቦታውን መሸፈኑ) ደህና ናቸው። እሱም ጠቁሮ ቢሆን ኖሮ ስለ ማጠብና ስለ ማቅጠን እናወራ ነበር።

መጀመሪያ ግን ወጪ የሌለውን ሞክሪ። ብሎቱን ብዙ ደቂቃ ኤክስፖዝ ካደረግሽው (ምስሉን ስታነሺ ካቆየሽው) ሁሉም ጠግቦ እኩል ይጠቁራል፣ ልዩነት ቢኖርም አይታይም። ከአንዱ ሳምፕል 20፣ 10 እና 5 ማይክሮግራም ጭነሽ ኤክስፖዠሩን አሳጥሪው፣ ጥቁረቱ እንደ መጠኑ እየቀነሰ መሄድ አለበት። ዲኤንፒኤቹንም 15 ደቂቃ ላይ ኒውትራላይዝ አድርገሽ አስቁሚው፣ ስልክ መጣ ብለሽ ግማሽ ሰአት ካሳለፍሽው ካርቦኒል ያልሆነ ነገር ላይም መለጠፍ ይጀምራል። ብሎክ ከማድረግሽ በፊት ደግሞ ሜምብሬኑን (ፕሮቲኑ የተላለፈበትን ስስ ወረቀት) ፖንሶ በሚባለው ፕሮቲን ሁሉ በሚያሳይ ቀይ ቀለም ቀብተሽ ፎቶ አንሺው፣ ሌኖቹ እኩል መጫናቸውን የምታሳዪበት እሱ ነው።

5 ማይክሮግራም ላይም ዘጌና ከተማው እኩል ከሆኑ ካርቦኒሉ እውነት አለ ማለት ነው። ጥያቄው መቼ ተፈጠረ ነው፣ ሐይቁ ውስጥ እያለ ነው ወይስ አንቺ እጅ ከገባ በኋላ? እንደነገርሽኝ ከሆነ አሳው ከዘጌ በጀልባ ባልዲ ውስጥ መጣ፣ ሲደርስ ሞቶ ነበር፣ ጉበቱ ላብ ውስጥ ወጣ፣ ፍሪዘር ገባ፣ ቅዳሜና እሁድ መብራት ሁለቴ ጠፋ። በይ እንግዲህ! ጉበት በደም የተሞላ ነገር ነው፣ ደሙ ውስጥ ብረት አለ፣ ሴሉ ሲሞት ብረቱ ይለቀቅና ኦክስጅን ሲያገኝ ፕሮቲኑን እዛው ያቃጥለዋል። ቀልጦ እንደገና ሲበርድ ደግሞ ይብስበታል። የዘጌው ጀልባ ላይ ረጅም ሰአት ስለቆየ ንፁህ ውሃ ላይ ቢያድግም ጉዳቱ የከተማውን ደርሶበታል፣ እኔ እንደዛ ነው የማስበው።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። አንድ በህይወት ያለ ቆሮሶ ዳር ላይ ግዢ። እዛው ክፈቺውና በልቡ በኩል ቀዝቃዛ ሳላይን (የጨው ውሃ) እየገፋሽ ጉበቱ ቀይነቱን ለቆ እስኪገረጣ ድረስ ደሙን አስወጪ፣ ከዛ ጉበቱን ለሁለት ክፈይው። ግማሹን ወዲያው በረዶ ላይ ባፈር (አሲድነቱ የማይዋዥቅ ፈሳሽ) ውስጥ ፍጪ፣ ግማሹን ደግሞ ያን ቀን እንዳደረግሽው በባልዲ አስቀምጪና ፍሪዘር አስገብተሽ አውጪው። ሁለቱን ጎን ለጎን ጫኛቸው። አንድ አሳ ነው፣ ውሃውም አንድ ነው፣ ልዩነት ካሳየ የመጣው ካንቺ ባልዲ ነው።

ባፈሩ ላይ 50 ሚሊሞላር ዲቲቲ (ኦክሲዴሽንን የሚከላከል ኬሚካል) ይግባ፣ ግን ኢዲቲኤ ሳይኖር ብቻውን እንዳታስገቢው። ብረት ባለበት ቦታ ዲቲቲ ብቻውን ኦክሲዴሽኑን ሊያባብሰው ይችላል፣ ብረቱን የሚይዝልሽ ኢዲቲኤው ነው። ሌላው፣ የአሳ ቀይ የደም ሴል እንደኛ አይደለም፣ ኒውክለስ አለው። ደሙን ካላስወጣሽ ላይሴቱ (የተፈጨው ጉበት ፈሳሽ) በዲኤንኤ እንደ ተልባ ይዝለገለግና ፒፔት እምቢ ይልሻል።

ጀልባ ላይ ለመያዝ ሊኩዊድ ናይትሮጅን ከየት ላምጣ እንዳትይኝ፣ የከብት ማዳቀያ ሰዎችን ጠይቂ፣ የኮርማ ዘር የሚያስቀምጡት በሱ ነው፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ። እሱ ከጠፋ የተፈጨ በረዶ በጨው ይዘሽ ሂጂ፣ እንደሱ አይሆንም ግን ከባልዲው በስንት ጣእሙ።

አሁን ፍሪዘር ውስጥ ያለው ሳምፕል ለካርቦኒል አይሆንሽም፣ ያማል አውቃለሁ። አትጣዪው ግን፣ ሄቪ ሜታል ለመለካት ይሆናል፣ እርሳስና ካድሚየም መብራት ሲጠፋ አይጠፉም።

አንቲቦዲውን ለሚቀጥለው ዙር በትንሽ በትንሹ ከፋፍለሽ አስቀምጪው። ያቀጠንሽውን ደግመሽ ልትጠቀሚ ከሆነ እንዳይሻግት ብለሽ ሴካንደሪው ላይ ሶዲየም አዛይድ እንዳትጨምሪ፣ ኤችአርፒውን (ሴካንደሪው ላይ ያለውን ምስሉን የሚያወጣውን ኢንዛይም) ይገድለዋል። እኔ ስጀምር አካባቢ ጨምሬ ሳምንት ሙሉ ባዶ ሜምብሬን ሳይ ከርሜያለሁ፣ ያኔ እኔም አንቲቦዲውን ነበር የምሰድበው።