የቅኝ ግዛት ዘመን አሜሪካ ነጋዴ ሒሳቡን እንዴት ይይዝ ነበር? ጥያቄና መልስ

በ1700ዎቹ በእንግሊዝ ሥር ስለነበሩት የአሜሪካ ነጋዴዎች መዝገብ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ ደብል ኢንትሪ (እያንዳንዱን ግብይት ሁለት ቦታ፣ በዴቢትና በክሬዲት መመዝገብ) ያኔ ነበር እንዴ?

መልስ፦ ኧረ ቆይቷል! ጣሊያናዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ አሠራሩን በ1494 ቬኒስ ላይ አሳትሞታል። የቦስተንና የፊላደልፊያ ትልልቅ ነጋዴዎችም ያውቁታል። ተራው ባለሱቅ ግን አልደከመበትም። እሱ የሚፈልገው ማን ስንት ዕዳ እንዳለበት ማወቅ ነው፤ መዝገብህን አምጣና ትርፍህን አሳየኝ የሚል ገቢዎች የለበት!

ጥያቄ፦ ሳንቲም እጥረት ነበር ይባላል። ታዲያ ምኑን ይመዘግባሉ?

መልስ፦ ዱቤውን ነዋ። ገበሬው ጨውና ጨርቅ ይወስድና ምርት ሲደርስ በስንዴ፣ በቅቤ ወይም በጉልበቱ ይከፍላል፤ ባለሱቁ ደግሞ ሁሉንም በገንዘብ ተምኖ፣ ጨውን ዴቢት (የገበሬው ዕዳ)፣ አንድ ቀን እንጨት መፍለጥን ክሬዲት (የከፈለው) አድርጎ ይጽፋል። ሒሳቡ ለዓመታት ሳይዘጋ ሊቆይ ይችላል። ቨርጂኒያ ውስጥማ ትምባሆ ራሱ ገንዘብ ነበር፤ የደብር ቄስ የዓመት ደመወዝ በሕግ በክብደት 16,000 ፓውንድ ትምባሆ ነው፣ ማለትም 7 ቶን ገደማ።

ጥያቄ፦ የሚተምኑት በየትኛው ገንዘብ ነው?

መልስ፦ በፓውንድ፣ በሺሊንግና በፔንስ። 12 ፔንስ አንድ ሺሊንግ፣ 20 ሺሊንግ አንድ ፓውንድ። ራስ ምታቱ ግን ሌላ ነው፦ በእጅ የሚዞረው የስፔን ብር ነው፣ ዋጋውም እንደየቅኝ ግዛቱ ይለያያል። ከ1750 ወዲህ አንዱ ብር ለንደን ላይ 4 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ፣ ቦስተን 6 ሺሊንግ፣ ፊላደልፊያ 7 ከ6፣ ኒውዮርክ 8 ይመነዘር ነበር። (እኛም በማሪያ ቴሬዛ ብር ስንገበያይ ኖረናል፣ የባዕድ ብር አዲስ አይደለም።) ስለዚህ ከሌላ ከተማ ጋር የሚነግድ ሰው የማንን ፓውንድ እንደሚጽፍ መለየት ነበረበት።

ጥያቄ፦ ባሪያዎችስ እዚያ መዝገብ ላይ አሉ?

መልስ፦ አሉ። ከፈረስና ከበሬ ጎን፣ ስማቸው ከነዋጋቸው። ለብዙዎቹ ከዚህ ሌላ የተረፈ ጽሑፍ የለም፤ ዛሬ ዘሩን የሚፈልግ ጥቁር አሜሪካዊ እነዚያኑ መዝገቦች ያገላብጣል።

ጥያቄ፦ ጆርጅ ዋሽንግተን ሒሳብ አዋቂ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። በ1775 የጦር አዛዥ ሲሆን ደመወዝ አልፈልግም፣ ወጪዬን ብቻ ክፈሉኝ አለ። የስምንት ዓመቱን ወጪ መዝግቦ በ1783 አስረከበ። መርማሪዎቹ ቢያገላብጡት የተገኘው ስህተት ከአንድ ዶላር በታች ነው፤ እሱም ራሱን የጎዳበት።