ከእፉኝት መርዝ እስከ ልብ መድኃኒት፦ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ስለ እባብ የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። አራቱን ልመልስ።

«ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ከእባብ መርዝ ተሠራ ይላሉ። እውነት ነው?» (ከባሕር ዳር)

እውነት ነው። ግን መርዙ ራሱ አይደለም የሚወጋው። የመርዙን ፕሮቲን ቅርፅ አጥንተው አስመስለው የሠሩት ነው። ቲሮፊባንና ኤፕቲፊባታይድ ይባላሉ። ሁለቱም አሜሪካ ውስጥ በ1998 እ.ኤ.አ. ተፈቀዱ። የልብ ደም ሥር ድንገት ሲዘጋ ሆስፒታል ውስጥ በደም ሥር ይሰጣሉ።

«ፕሮቲኑ ምን ይመስላል? እንዴትስ ይሠራል?» (የፔዳ ግቢ ተማሪ ነኝ)

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ በጣም ወደድኩት። ለቲሮፊባን መነሻ የሆነው ኤኪስታቲን ይባላል። የተገኘው ኤኪስ ከምትባል ትንሽ እፉኝት ነው። 49 አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት ቅንጣት) ብቻ ነው ያለው፤ ደማችን ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን 574 አለው። ይህችን አጭር ክር አራት የሰልፈር ቋጠሮዎች ጠፍረው ይይዟታል። ከመሃሏ አንድ ቀለበት ወጣ ይላል። ጫፉ ላይ አርጊኒን፣ ግላይሲንና አስፓርቲክ አሲድ ተከታትለው ተቀምጠዋል። ጉልበቱ ያለው እዚያ ነው።

የጣና ታንኳ ሲሠራ አይተሽ ታውቂያለሽ? ደንገሉ በገመድ ካልተጠፈረ ውኃው ይበትነዋል። ስንቆስል አርጊ ሕዋሳት፣ ማለትም ፕሌትሌቶች፣ እንደ ደንገሉ ናቸው። ገመዱ ፋይብሪኖጅን የሚባል የደም ፕሮቲን ነው። የእባቡ ፕሮቲን በዚያች ጫፉ ገመዱ የሚታሰርበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል። ገመዱ መያዣ ያጣል፣ ደንገሉም ይበተናል። አገራችን የምትኖረው ወፍራሟ እፉኝትም የዚሁ ቤተሰብ ፕሮቲን አላት፤ ቢቲስታቲን ይባላል፣ 83 አሚኖ አሲድ አለው።

«እኛ ዘንድ የተነደፈውን እግር አስረን፣ በምላጭ በጥተን መርዙን እንመጥጣለን። ይጠቅማል?» (ከዘጌ)

አይጠቅምም፣ አባባ። እባክዎ ይተዉት። ደሙ አልረጋ ያለ ሰው ላይ ምላጭ ማሳረፍ ሌላ የሚደማ ቁስል መክፈት ነው። አጥብቆ ማሰሩም እግሩን ሊያሳጣው ይችላል። አስፕሪንም አይስጡት። እግሩን ሳያንቀሳቅስ በቃሬዛ ተሸክማችሁ ቶሎ ሆስፒታል አድርሱት።

«መተማ ለቀን ሥራ ሄጄ እባብ ነደፈኝ። ሐኪሙ ደሜን ብርጭቆ ውስጥ ቀድቶ ዝም ብሎ አስቀመጠው። ለምን?»

እንኳን ተረፍክ ወንድሜ። ንጹሕና ደረቅ በሆነ የመስታወት ብልቃጥ ደሙ 20 ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጣል፤ ከዚያ ዘንበል ይደረጋል። ከፈሰሰ አልረጋም ማለት ነው። መስታወት መሆኑ ግድ ነው፣ የደምን መርጋት የሚያነሳሳው እሱ ነውና። ይህን የሚያመጣው ግን በአብዛኛው ኤኪስታቲን አይደለም። ኤኪስ ደሙን በየቦታው በትንንሹ እያረጋች ፋይብሪኖጅኑን የምትጨርስበት ሌላ ፕሮቲንም አላት። ገመዱ ራሱ ያልቃል። ለዚህ ነው ደሙ ካልረጋ ፀረ መርዝ የሚሰጠው፣ ከሰዓታት በኋላም ያው ምርመራ የሚደገመው።